የጓዳ ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ንፍሮ ለምን አይበስልም?

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው፤ ካገባሁ ወዲህ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው የምንኖረው። እዚህ ባቄላውም ቅቅሉም አልበስል ብሎኛል። ከሰል እፈጃለሁ፣ አማቴ ደግሞ “እሳት መያዝ አታውቂም” ይሉኛል። ብራችን ትንሽ ስለሆነ ለጓዳዬ መጀመሪያ የቱን ዕቃ ልግዛ?
(ሙሽሪት ከሆጤ)

እህቴ፣ እሳቱን ተይው፤ ጥፋቱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ውሃውን የሚጫነው ነገር ይቀንሳል፣ ውሃውም ገና ሙቀቱ ሳይበረታ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 አካባቢ ይፈላል። ከዚያ በኋላ ከሰል ብትከምሪ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። ይቺን ለአማትሽ በዘዴ አስረጃቸው፣ በዘዴ ነው ያልኩት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ብር ለፕሬዠር ኩከር ይዋል። ዋጋው ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። ግን እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዘው ውስጡ ደሴም ሆነሽ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ የከሰሉን ወጪ ራሱ ይመልስልሻል። አብሮት የሚመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈው ሰዓት ለቆላ አገር ነው ብለሽ አስቢ፤ 20 ደቂቃ ካለ አንቺ 26 ግድም አድርጊው። ባቄላና ሽምብራ ከሆነ ከግማሽ በላይ አትሙይው፤ አረፋው ሽቅብ ይወጣና ገለባው የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ አደጋው ያለው እዚያ ነው። ሁሌ ከመዝጋትሽ በፊት ክዳኑን ወደ ብርሃን አንሺና በቀዳዳው አጮልቂ፤ ብርሃን ካልታየሽ በውሃና በቀጭን እንጨት አጽጂው። ከወረደ በኋላም እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ክዳኑን አትታገዪው። ያገለገለ ልግዛ ካልሽ የክዳኑን ጎማ አውጥተሽ እጠፊው፤ ከተሰነጠቀ ወይ ድርቅ ካለ ሌላ ጎማ እንደሚገኝለት ሳታረጋግጪ ብርሽን አታውጪ።

ፕሬዠሩ እስኪገዛ ድረስ ባቄላውን ማታ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ምስር ስትሠሪ ደግሞ ቲማቲሙን መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ ጎምዛዛ ነገር ቀድሞ ከገባ ጥራጥሬ አይልምም።

ሁለተኛው ዕቃ ቂጡ ወፍራም የሆነ ድስት ነው። ሽንኩርት በደረቁ የምናቁላላ ሰዎች ስስ አሉሚኒየም ድስት ምን ያደርግልናል? እሳቱ ያረፈበት ቦታ ያርራል፣ ዳሩ ላይ ያለው ጥሬውን ይቀራል፣ አንቺ ማማሰያ ይዘሽ ስትሯሯጪ ትውያለሽ። ለሽሮ ለሽሮ የሸክላ ድስትን የሚያህል የለም፤ ከእሳት ወርዶ ገበታ ላይ እንኳ ይንተከተካል። ሰኞ ገበያ ስትገዢ በጣትሽ ኳ ኳ አድርጊው። ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው፤ እፍን ያለ ድምፅ ካሰማሽ ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታደርጊበት ብቻ።

የቀረው ሁሉ ቀስ እያለ ይመጣል። ሠርግ ላይ ከመጡልሽ ዕቃዎች ግማሾቹን ሳጥን ውስጥ ብታቆያቸው የሚጎድልሽ ነገር የለም።

ወንደላጤ ነኝ፣ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር እንባዬ ይዘረገፋል። ጓደኞቼ “የኤሌክትሪክ መፍጫ ግዛና ተገላገል” ይሉኛል። ይሻለኛል?
(የፒያሳው)

አይሻልህም ወንድሜ። መፍጫ ሽንኩርቱን ውሃ ያደርገዋል፤ ድስት ውስጥ ሲገባ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፣ ውሃው እስኪመጥ ስትጠብቅ ደግሞ ራትህ ያመሻል። ለነጭ ሽንኩርትና ለዝንጅብል ጥሩ ነው፣ ለእሱም ቢሆን ትንሽ ሙቀጫ ይበቃሃል፣ መብራት ሲጠፋም አያስቀርህም።

የሚያስለቅስህ የደነዘ ቢላ ነው። የደነዘ ቢላ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፣ በተጨፈለቀ ቁጥር ዓይን የሚለበልበው ነገር በብዛት ይወጣል። ስለታም ቢላ ግን ሰንጥቆት ነው የሚያልፈው። መሳያ ከሌለህ የቡና ሲኒ ገልብጥ። ቂጡ ላይ ልስላሴ ያልነካው ሸካራ ክብ አለ። ሲኒውን እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው እንዳይንሸራተት። ከዚያ ቢላውን ክቡ ላይ አጋድመህ ጀርባውን የትንሽ ጣትህን ግማሽ ያህል ብድግ አድርግና፣ ከእጀታው ጀምረህ እስከ ጫፉ ቀስ ብለህ ሳበው፤ አንድ ጊዜ በዚህ ፊቱ፣ አንድ ጊዜ በዚያኛው፣ እያፈራረቅህ። ክቡ ላይ ግራጫ መስመር ሲወጣ ብረቱ እየተሳለ ነው። ቲማቲም ላይ ሞክረው፤ ሳትጫነው ቆዳውን ከበጣው በቃ። ስትጨርስ ቢላውንም ሲኒውንም እጠባቸው፣ የብረት ዱቄት በቡና እንዳትጠጣ።

መክተፊያ ደግሞ የእንጨት ይሁን፣ የመስታወቱ ቢላህን በሳምንት ያደነዝዝብሃል። ጥሬ ሥጋ የከተፍክበት ላይ ሳታጥበው ሰላጣ አትክተፍ።

የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ልጄ ሊያግዘኝ ብሎ የኤሌክትሪክ ምጣዴን በሳሙና አጥቦ፣ ይኸው እንጀራው እየያዘ አልላቀቅ አለኝ። ሶኬቱም ይግላል። አዲስ ልግዛ?
(የልጆች እናት)

እማማ፣ ልጅዎን ይመርቁት እንጂ አይቆጡት። ምጣዱ ደህና ነው፣ የሄደው ቅባቱ ነው። ጎመን ዘር አድቅቀው ምጣዱ ሲግል ይበትኑበትና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ዙሪያውን አጥብቀው ይሹት። ይጨሳል፣ መስኮቱን ይክፈቱ። ጠቁሮ ማብረቅረቅ እስኪጀምር ደጋግመው ያሟሹት። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ሊይዙ ይችላሉ፣ ለፍርፍር ይሆናሉ። ከዚህ በኋላ በማሰሻ ብቻ ይጠረግ፣ ውሃም ሳሙናም አይንካው።

የሶኬቱን ነገር ግን ለነገ አይበሉት። ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሆን ይህ ለተራ ማከፋፈያ ከባድ ነው፣ ገመዱ ቀልጦ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ማከፋፈያውን ያንሱት፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተው በወፍራም ሽቦ ለብቻው መስመር ያስዘርጉለት። ሸክላው ተሰንጥቆ ሽቦው ከታየዎት ደግሞ ሳይጠገን አይጋግሩበት። ጠጋኞች ሸክላውን ብቻ ይቀይሩታል፣ ሙሉውን መግዛት አይጠበቅብዎትም።

የማያጣብቀው መጥበሻዬ ተላጠ። ልጣለው?
(አጭር ጠያቂ)

ጣይው። የተላጠችው ስባሪ ብትዋጥ ሳትፈጭ ነው የምታልፈው፤ ግን ዕንቁላል ከያዘ በኋላ ምን ሊጠቅምሽ? “ቡና እቆላበታለሁ” እንዳትዪ ብቻ፤ ባዶውን ግሎ ከ260 ዲግሪ ካለፈ ሽፋኑ እየተበላሸ መጥፎ ጭስ ያወጣል። ለቡና የብረት መቁያ አለልሽ። አዲሱን መጥበሻ ስትገዢ የእንጨት ማማሰያም ጨምሪበት፣ የላጠው የብረት ማንኪያሽ ነው።