«ዝግጁ» ብዬ የፈረምኩበት ተርባይን

ልጆቼ፣

ወደ ኤሌክትሪክ ሙያ ስትገቡ በመጀመሪያ የምትማሩት ሜጋዋት መደመርን ነው። እኔም ስደምር ኖሬአለሁ። ድምሩ ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ግን በአንድ የሌሊት ፈረቃ ነው። ፍላጎት በድንገት አሻቀበና በመጠባበቂያነት የተመዘገበውን ባለ 40 ሜጋዋት የጋዝ ተርባይን እንዲያስነሱ ደወልኩ። በዝርዝሩ ላይ «ዝግጁ» ይላል። ከስልኩ ማዶ ረጅም ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ ኦፕሬተሩ፣ «የማስነሻ ባትሪዎቹ ሞተዋል» አለኝ። ፍላጎቱን ለመቀነስ ወደ ተጠቃሚዎች የሚሄዱ ሁለት መስመሮችን በገዛ እጄ አቋረጥኩ። የዝግጁነቱን ቅጽ በየወሩ የምፈርመው እኔው ነበርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ አስነሱትና ልየው» ብዬ አላውቅም።

የአቅም ገበያን የምረዳው ከዚያ ሌሊት ተነስቼ ነው። በተለመደው የኃይል ገበያ የሚሸጠው የመነጨው ኪሎዋት ሰዓት ነው። በአቅም ገበያ የሚሸጠው ግን ቃል ነው፤ «ስትቸገሩ እገኛለሁ» የሚል። ገንዘቡም የሚከፈለው ለዚህ ቃል ነው።

ይህ ገበያ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ቴክሳስ ለአቅም ሳይሆን ለመነጨ ኃይል ብቻ የሚከፍል ግዛት ነው፤ በየካቲት 2021 (እ.ኤ.አ.) ብርድ ሲመታው ሚሊዮኖች ጨለማ ውስጥ ወደቁ። በ13 የአሜሪካ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራው የኤሌክትሪክ መረብና ገበያ አስተዳዳሪ ፒጄኤም ደግሞ ለአቅም ይከፍላል፤ በታኅሣሥ 2022 ብርዱ ሲመጣ ከ45,000 ሜጋዋት በላይ ማመንጫ ከአገልግሎት ውጭ ሆነበት። አብዛኞቹ የጋዝ ማመንጫዎች ነበሩ። ብርዱ የማንንም የገበያ ደንብ አላነበበም።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ፒጄኤም የእያንዳንዱን ማመንጫ ቃል የሚመዝንበትን ሚዛን አጠበቀ፤ በጭንቅ ሰዓት ምን ያህሉ በእርግጥ ይገኛል ብሎ መቁጠር ጀመረ። ፍላጎት እያደገና ነባር ማመንጫዎች እየተዘጉ ስለነበር፣ ለ2024/25 በቀን ለአንድ ሜጋዋት 28.92 ዶላር የነበረው የአቅም ጨረታ ዋጋ ለ2025/26 ወደ 269.92 ዶላር ተተኮሰ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ እውነት አለው፣ የሚከፍለው ተጠቃሚው ነውና። እኔ ግን ርካሹ ዋጋ ራሱ ከፊሉ የማይፈጸም ቃል ዋጋ ነበር ባይ ነኝ።

አሁን ወደ እናንተ ዘመን ልምጣ። በየጣሪያው ያለው የፀሐይ ኃይል፣ በየቤቱ ያለው ባትሪ፣ ሰዓቱን ማዛወር የሚቻል የውሃ ማሞቂያ ተሰባስቦ እንደ አንድ ማመንጫ መቆጠር ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2020 ባወጣው ትእዛዝ ቁጥር 2222 መሠረት 100 ኪሎዋት የሞላ ስብስብ ገበያው ሊዘጋበት አይገባም። የእኔ ዘመን መሐንዲሶች በዚህ ይስቃሉ። ባትሪ ሞቶበት 40 ሜጋዋት ያጣ ሰው በትንንሽ ባትሪ ለመሳቅ አፍ የለውም።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ እንዲህ ያለ የምዝገባ ሰነድ አምጥቶልኝ ነበር፤ 20 ቤቶች፣ በየቤቱ 5 ኪሎዋት የሚሰጥ ባትሪ፣ ድምሩ 100 ኪሎዋት። «ለስንት ሰዓት?» አልኩት። ባትሪው የሚይዘው 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሙሉ ጉልበቱ ከሠራ በሁለት ሰዓት ያልቃል። እጥረቱ አራት ሰዓት ቢቆይ ከአንድ ቤት ቃል ሊገባ የሚችለው 2.5 ኪሎዋት ብቻ ነው። ቅር ብሎት ሄደ፤ በ40 ቤቶች ተመለሰ። «ባለቤቱ ማታውን ባትሪውን ጨርሶት ቢያድርስ?» አልኩት። እንደገና ሄደ።

በሦስተኛው ጊዜ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገን ባልተነገረ ምሽት አስሞከርነው። አምስት ቤቶች ትእዛዙን አልሰሙም፤ ሁለቱ ኢንተርኔታቸው ተቋርጦ ነበር፣ የቀሩት ሦስቱ ለምን እንዳልሰሙ ወጣቱ እስካሁን እየፈለገ ነው። ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ አልፈረምኩበትም።