አፓርታማው የተገዛው በማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ ውጭ አገር እኖራለሁ፤ ዜግነትም ቀይሬያለሁ። አዲስ አበባ ለእናቴ አፓርታማ እየገዛሁ ነው። ክፍያውን እኔ እልካለሁ፤ ወንድሜ ፈርሞልኝ ጉዳዩን ይከታተላል። እናቴ ግን «ግቢ የሌለው ምን ቤት ነው? ስሞት ድንኳኑ የት ሊተከል ነው?» እያለች አስቸግራለች። ግቢው ላይ ምን መብት አለን?

መልስ፦ የእናትዎን ላስቀድም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ላይ ቤት ያለው ሰው ግቢውን ጨምሮ በጋራ መጠቀሚያዎቹም ድርሻ አለው። የድንኳኑን ነገር የሚወስነው የቤት ባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ነው። ያስመጡና ያንብቡላቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጠየቁኝ ነው። «ወንድሜ ፈርሞልኝ» ብለው አለፉት። በውክልና፣ በእርስዎ ስም ነው? ወይስ በራሱ ስም? በራሱ ከሆነ ውሉ ላይ ገዢው እሱ ነው። እህቴ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ ያለ አንድ ወረቀት እንዴት ይልካሉ?

«ወንድሜ አይክደኝም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነትዎን ይሆናል። ግን አግብቷል? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 63 የባልና ሚስት ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ነገ ቢፋቱ ሚስቱ ድርሻዬን ትላለች። እሱ ቢሞት ወራሾቹ ይመጣሉ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሰነዱ ላይ ያለው የእሱ ስም ስለሆነ ነው።

የሐዋላ ደረሰኝ አለኝ ይሉ ይሆናል። ደረሰኙ መላክዎን እንጂ ለምን እንደላኩ አይናገርም። «ለቤተሰብ መደጎሚያ የላከችው ነው» ቢባል በምን ያስረዳሉ? የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት። በስልክ የተባባላችሁት ብዙ አያስኬድዎትም።

ዜግነት መቀየርዎ በወንድም ስም ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቤት በስሙ ማፍራት ይችላል። መታወቂያው ከሌለዎት ዛሬውኑ ይጀምሩ።

ክፍያውን ግን በድንጋጤ እንዳያቋርጡ፤ ውሉ ቅጣት ሊኖረው ይችላል። መጀመሪያ የውሉን ሙሉ ኮፒ፣ እያንዳንዱን ገጽ፣ ያስልኩና ጠበቃ ይይልዎት። ገዢው ወንድምዎ ሆኖ ከተገኘ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ስሙን ለማዛወር ሞክሩ፤ ሚስት ካለችው እሷም ትፈርም። ከዚያ በኋላ እንዲከታተልልዎ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይስጡት። ውክልናው ላይ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል እንዳይገባ፤ ከመፈረምዎ በፊት ረቂቁን ለጠበቃዎ ያሳዩ።