በጥር የሚጋባ ሲሼልስ ይሂድ ወይስ ይቆይ?

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከባቲና ከሐይቅ የደረሱን የዚህ ወር ደብዳቤዎች በሕንድ ውቅያኖስ ስላሉት የሲሼልስ ደሴቶች የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሠርጋችን ከጥምቀት በኋላ በጥር ነው። ለጫጉላ ሲሼልስ ልንሄድ አስበናል፤ በጋ ስለሆነ ዝናብ አያገኘንም ብለን ነበር። አንድ ዘመድ ግን «በጥር እዚያ ዶፍ ነው» አለን። እውነት ነው?
— ሙሽሮቹ፣ ከደሴ

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። ዘመዳችሁ ልክ ነው። የሲሼልስ ዝናብ የሚመጣው የእኛን በጋ ጠብቆ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወሎን የሚያርሰው የዝናብ መቀነት ባለበት አይቆይም፤ ፀሐይን ተከትሎ ከመስከረም ወዲህ ወደ ደቡብ ይወርድና በታኅሣሥና በጥር የምድር ወገብን ተሻግሮ በሲሼልስ አካባቢ ያንዣብባል። እኛ እህል ወቅተን ጎተራ ስናስገባ እነሱ ክረምት ላይ ናቸው። ዋናዋ ደሴት ማሄ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ ባለው አንድ ወር ወደ 400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ በሐምሌ ግን 100 እንኳ አይሞላም።

የደሴቶቹን ዓመት የሚከፍለው ነፋስ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምዕራብ ሞቃትና እርጥብ ነፋስ ይነፍሳል። ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ደረቅና ብርቱ ነፋስ ይመጣል። በሁለቱ መካከል፣ በሚያዝያና በጥቅምት፣ ነፋሱ ያርፋል፤ ባሕሩም ይረጋል። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ቀን ከ28 እስከ 32 ዲግሪ፣ ሌሊት 24 ገደማ ነው። የደሴን ብርድ ለለመደ ሰው የሚከብደው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን 80 በመቶ አካባቢ የሚደርሰው የአየሩ እርጥበት ነው። ላብ ከገላ አይደርቅም፤ የታጠበ ሸሚዝም አድሮ እርጥብ ነው።

የእኛ ምክር ጫጉላውን አዘግዩት የሚል ነው። ከሠርጋችሁ ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ጿሚዎች ከሆናችሁ ደግሞ ዓሣ ዋና ምግብ በሆነበት አገር ጾም መያዝ ቀላል አይደለም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ብትሄዱ ባሕሩ ረግቶና ሞቆ (29 ዲግሪ ገደማ) ይጠብቃችኋል። አውሮፓውያን ለፋሲካ ዕረፍታቸው የሚጎርፉበትን ሳምንት ግን ዝለሉት፤ የአልጋ ዋጋ ይወደዳል።

የግድ በጥር ከሆነ ከአምስት ሌሊት ያነሰ አትያዙ፤ ሁለት ቀን በዝናብ ቢሄድባችሁ ሦስት ይተርፋችኋል። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ዶፉን አውርዶ ያባራል፤ ቀናት የሚያከታትልበትም ጊዜ አለ። ማረፊያችሁን በማሄ ደቡብ ወይም ምሥራቅ በኩል አድርጉት፤ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ተራራው ይከልላችኋል። አንስ ሮያል የሚባለው ዳርቻ የኮራል (የባሕር ውስጥ ዛጎላማ ድንጋይ) አጥርም ስላለው ውኃው ረጋ ይላል። ስሙ የገነነው የቦ ቫሎን ዳርቻ ግን በዚያ ወቅት ማዕበሉ ፊት ለፊት ይመታዋል። መኪና የምትከራዩ ከሆነ መሪው በቀኝ፣ ጉዞው በግራ በኩል ነው፤ የተራራው መንገድም ጠባብና ጠምዛዛ ነው። በዝናብ ጊዜ ገደሉ ስለሚናድ ለእንግዳ ሹፌር አይመከርም፤ አውቶቡስ ይሻላችኋል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ዕረፍት የማገኘው ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ ብሄድ ባሕሩ አስቸጋሪ ነው ይባላል፤ ዋናም ብዙ አልችልም።
— ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ለዝናቡ ነሐሴ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ችግሩ ነፋሱ ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ይበረታል። ያን ጊዜ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የዞሩ ዳርቻዎች ሁለት ነገር ያጋጥማቸዋል፦ ማዕበል ይመታቸዋል፣ የባሕር ሣርም ተግተልትሎ አሸዋው ላይ ይከመራል። በፎቶ ያያችሁትን ነጭ ዳርቻ ፈልጋችሁ ሄዳችሁ ቡናማ ክምር የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በጥር አትሂዱበት ያልነው ቦ ቫሎን ግን በነሐሴ ተራራው ነፋሱን ስለሚመልስለት ዋና ለሚጀምር ሰው ምቹ ነው።

ከማሄ ወደ ጎረቤቷ ደሴት ፕራስሊን የመንገደኛ ጀልባው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በነሐሴ ይንጣል። ሆድ የሚረበሽበት ሰው የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒኑን ከመሳፈሩ አንድ ሰዓት በፊት ይውሰድ፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ክኒኑ ሆድ ውስጥ አይቆይም። መቀመጫውን ከታችኛው ወለል፣ ከመሃል ወደ ኋላ ይያዝ፤ የጀልባው አፍንጫ ነው አብዝቶ የሚዘለው። ከፕራስሊን ወደ ሌላዋ ደሴት ላ ዲግ ያለው 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

የሐይቅን ውኃ የለመደ ሰው ባሕርን በዚያ እንዳይገምት አደራ እንላለን። በላ ዲግ ግራንድ አንስ፣ በማሄ ደግሞ አንስ ኢንተንዳንስ የተባሉት ዳርቻዎች ወደ ጥልቁ የሚጎትት ስውር ጅረት አላቸው። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውኃ በጠባብ መስመር ተጠራቅሞ ሲመለስ ነው የሚፈጠረው። ከላይ ሲያዩት ያ መስመር ከግራና ቀኙ ይልቅ ጸጥ ያለ ስለሚመስል ሰው መርጦ ይገባበታል። ከያዘህ ወደ ዳር ፊት ለፊት አትታገል፤ ጉልበትህን ትጨርሳለህ። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆነህ ወደ ጎን ዋኝ፤ መስመሩ ጠባብ ስለሆነ ከሱ ስትወጣ ማዕበሉ ራሱ ወደ ዳር ይመልስሃል። መዋኘት ካቃተህ ተንሳፍፈህ እጅህን አውለብልብ። ከወገብ በታች በሆነ ውኃ ብቻ መጫወት ለምትፈልግ ላ ዲግ ላይ ያለው አንስ ሱርስ ዳርዣን በኮራል የታጠረና ጥልቀት የሌለው ነው።

ጥያቄ፦ የሕንድ ውቅያኖስ አውሎ ነፋስ ደሴቶቹን አይመታም?
— ከወልዲያ

መልስ፦ ሰው የሚጎበኛቸውን ሦስቱን፣ ማሄን፣ ፕራስሊንንና ላ ዲግን፣ አውሎ ነፋስ በቀጥታ አይደርስባቸውም ማለት ይቻላል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ አራትና አምስት ዲግሪ ላይ ናቸው፤ እዚያ የምድር መሽከርከር ነፋሱን የሚያሾርበት ኃይል ደካማ ነው። ወደ ደቡብ የራቁት ትንንሽ ደሴቶች ግን ይመታሉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ፋንታላ የተባለው አውሎ ነፋስ ፋርኳርን አውድሟል። ከሩቅ የሚያልፍ አውሎ ነፋስም ዝናቡን ይልካል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ ማሄን ያጥለቀለቀው ጎርፍ እንዲህ ባለ ምክንያት የመጣ ነበር።

ጥያቄ፦ ቆላ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት አለ፤ ወባስ? ክትባትና ቪዛስ ይጠየቃል?
— ከባቲ

መልስ፦ ወባ የለም። የባቲ ሰው አጎበር ይዞ መሄድ አያስፈልገውም። ዴንጊ የተባለው የትኩሳት በሽታ ግን አለ፤ የሚያስተላልፈው ትንኝ የሚናከሰው በቀን ስለሆነ አጎበር አያድንም። ረጅም እጅጌና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይጠቅማል። ትኩሳት ከያዛችሁ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፤ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ፤ ሐኪም ቤትም ሂዱ።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ሕፃንም ጭምር። ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በበረራው ዋዜማ የተከተበ ይመለሳል። ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር እስከ አያት ስም ድረስ፣ በፊደል አጻጻፉም ጭምር መግጠም አለበት። ቪዛ አይጠየቅም፤ ከጉዞ በፊት ግን የመግቢያ ፈቃድ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል፤ የመልስ ትኬትና የተያዘ ማረፊያ ይታያል። በረራው ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ምን እንልበስ፣ ምን ስንቅ እንያዝ?
— ከሐይቅ

መልስ፦ ጋቢውን ቤት ተዉት። ስስ ጥጥ፣ ባርኔጣና ኮራል ላይ የሚረገጥ የላስቲክ ጫማ ይበቃል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጥቁር ቆዳ ላለንም ያስፈልጋል፤ ከመውጣት 20 ደቂቃ በፊት ተቀብታችሁ በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዋና በኋላም ድገሙት። ቋንጣ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ዘር ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አያስገቡም፤ እናት ባሰናዳችላችሁ ዘንቢል ሙግት አትግቡ፣ ይወረሳል። ብር እዚያ ስለማይመነዘር የውጭ ምንዛሬውን ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ከባንካችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የግድግዳው ሶኬት ባለሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ የእኛ ክብ ጥርስ አይገባበትምና ማስማሚያውን አዲስ አበባ ላይ ግዙ።