ለምች የሚሆን ፔፕታይድ መጥቷል ወይ?

ጥያቄ፦ ፀሐይ ሲመታኝ ምች ከንፈሬን ውሃ ያስቋጥረዋል። ሰውነታችን ቫይረስ የሚገድል ፔፕታይድ እንደሚሠራ፣ በንብ መርዝና በማርም እንዳለ ሰማሁ። መድኃኒቱ ወጥቷል? እስኪመጣስ የላስታ ማር ብቀባ ይሻለኛል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ምች የሚባለው ሁሉ አንድ በሽታ ባይሆንም፣ ከንፈር ላይ ውሃ የሚቋጥረው በአብዛኛው የሄርፐስ ቫይረስ ነው። የሰሙት ነገር መሠረት አለው፤ ለምች የሚሆን የፔፕታይድ መድኃኒት ግን ገና ፋርማሲ አልደረሰም።

ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት) ሰንሰለት ነው። በነጭ የደም ሴልና በቆዳችን የሚሠራው ኤል ኤል-37 ለምሳሌ 37 አሚኖ አሲዶች አሉት። ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጋቲቭ በሆነው የባክቴሪያ ሽፋን ላይ ተለጥፎ ይበሳዋል። በላብራቶሪ ሄርፐስንና ኢንፍሉዌንዛንም አዳክሟል።

ታዲያ ለምን ዘገየ? ባክቴሪያ ሽፋኑን ራሱ ይሠራል፤ እንደ ሄርፐስ ያለ ቫይረስ ግን የሚለብሰው ከእኛው ሴል የወሰደውን ነው። ስለዚህ ቫይረሱን የሚበሳው መጠን የራሳችንን ሴልም ሊበሳ ይችላል። የንብ መርዙ ሜሊቲን ቀይ የደም ሴልን ሳይቀር ያፈርሳል፤ እባክዎ በንብ ንድፊያ ለመታከም አይሞክሩ፣ አለርጂ ያለበትን ሰው አንዷ ንድፊያ ልትገድለው ትችላለች። ፔፕታይድ በአፍ ቢዋጥም የጨጓራና የአንጀት ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል።

እኛ የበለጠ ተስፋ የምንጥለው ሽፋን በሚበሱት ሳይሆን ቫይረሱ ሴል ውስጥ እንዳይገባ በሚከለክሉት ሰው ሠራሽ ፔፕታይዶች ላይ ነው። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው ኤንፉቪርታይድ በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ 90 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ የተወጋው ቦታ ግን በአብዛኛው ሰው ላይ ይቀላል፣ ይጠጥራል። ለሄፓታይተስ ዲ (ጉበትን ለሚያጠቃ ቫይረስ) የሚሆነው ቡሌቪርታይድም በ2020 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ተፈቅዷል።

ማር ውስጥ የንብ ዲፌንሲን የተባለ ፔፕታይድ አለ፤ የሚታወቀው ግን በባክቴሪያ ላይ ባለው ኃይል ነው። ንጹሕ ማር ቢቀቡ ክፋት የለውም፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል በፍጹም አያቅምሱ።

ለአሁኑ፣ ከንፈርዎ መቆጥቆጥ እንደጀመረ 5 በመቶ የአሲክሎቪር ክሬም በቀን 5 ጊዜ፣ ከ4 እስከ 5 ቀን ይቀቡ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ከጀመሩት ጥቅሙ ያንሳል። ከመቀባትዎ በፊትም በኋላም እጅዎን ይታጠቡ፤ ቁስሉ እስኪድን ሕፃን አይሳሙ። ዓይንዎ ቀልቶ ካመመዎት ክሬሙን እዚያ ሳያስነኩ በዚያው ቀን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሄርፐስ የዓይንን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን (ኮርኒያ) ሊያበላሽ ይችላል።