ምግብ ሳልቀምስ ስኳሬ 112 ወጣ፤ እንጀራውን ከቤት ላስወጣ? ላልሽው

እንጀራው ይቆይ፣ ለስላሳው ይውጣ። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ደግሞ ሳይጠማሽም ትጠጪዋለሽ። ብስኩቱን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ግዢ። ማሩንም ተፈጥሯዊ ነው ብለሽ አትለፊው፣ ያው ስኳር ነው።

በምትኩ እጅሽ በሚደርስበት የሽምብራ ቆሎ አስቀምጪ፤ የደምቢያው ሽምብራ ጎንደር ገበያ አይጠፋም። እንጀራውን ቀነስ፣ ሽሮና ጎመኑን ጨመር አድርጊ።

112 ገና የስኳር በሽታ አይባልም፤ ያ በድጋሚ ምርመራም 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

ግን እናትሽ ኢንሱሊን ይወጋሉ ብለሻልና፣ እሱ ደግሞ የደም ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርድ ስለሚችል፣ ስኳሩን ጠራርገሽ አታውጪ። ጎረቤታችን ሌሊት ስኳራቸው ወርዶ በላብ ሲጠመቁ ቤቱ ውስጥ ቅንጣት ስኳር አልተገኘም። እናትሽ ስኳራቸው ሲወርድ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት አልጋቸው አጠገብ ይኑር።