ፖስታውን አትጣሉት፦ ስለ ፍራኪንግ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ስለ ነዳጅ ቁፋሮ ግራ የገባችሁን ነገር ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው የመጣው እዚሁ ኮሎራዶ፣ አውሮራና ዴንቨር አካባቢ ካላችሁት ነው። ለማታውቁኝ፣ ከዴንቨር በስተሰሜን ባለው፣ ነዳጅ በብዛት በሚወጣበት ዌልድ ካውንቲ ውስጥ አምስት ዓመት ቦቴ ነድቻለሁ። ከጉድጓድ የሚወጣውን ቆሻሻ ውሃ አመላልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን አጠገብ ሊቆፈር ነው ሲባል ስብሰባ እሄዳለሁ፣ ሰነድ አነባለሁ፣ ለእናቶቻችን እተረጉማለሁ። መሐንዲስም ጠበቃም አይደለሁም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ወንድሜ፣ ፍራኪንግ ሲሉ እሰማለሁ። ከድሮው የነዳጅ ቁፋሮ በምን ይለያል?

በድሮው ቁፋሮ ነዳጁ ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ ስለተጠራቀመ፣ ከተወጋ በራሱ ግፊት ወይም በፓምፕ ይወጣል። እዚህ ያለው ግን በጣም ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ውስጥ ነው የተቆለፈው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ታች ይቆፍራሉ። እኛ አካባቢ ኒዮብራራ የሚባለው ድንጋይ ጋ ለመድረስ 7,000 ጫማ ያህል፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳሉ። ከዚያ መሰርሰሪያውን ወደ ጎን አዙረው ሁለት ማይልና ከዚያ በላይ ይሄዳሉ። ቱቦውን ይበሱትና ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ይለቁበታል። ድንጋዩ ይሰነጠቃል። አሸዋው ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይገጥም ይይዘዋል። ነዳጁና ጋዙ በዚያ በኩል ይወጣል።

ከሚለቁት ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ኬሚካሉ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ለአንድ ጉድጓድ ብዙ ሚሊዮን ጋሎን ውሃ ነው የሚገባው። የብዙ ሚሊዮን ጋሎን አንድ በመቶ ስንት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ቤቱን ገዝቼ እየከፈልኩ ነው። ከቤቴ ሥር ሳያስፈቅዱኝ ሊቆፍሩ ይችላሉ?

አዎ፣ ሊቆፍሩ ይችላሉ። ይህን ስሰማ እኔም መጀመሪያ አላመንኩም። አገራችን መሬቱም ከሥሩ ያለውም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስለሚባል ነገሩን አስበነው አናውቅም። አሜሪካ ደግሞ ላዩና ታቹ ለየብቻ ይሸጣል። ቤት ስትገዙ የገዛችሁት ላዩን ብቻ ሊሆን ይችላል። የማዕድኑን መብት ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ገበሬ ወይም ቤቱን የሠራው ድርጅት አስቀርቶታል።

መብቱ የእናንተ ከሆነ ደግሞ ሊዝ (መብቱን የምታከራዩበት ውል) ፈርሙልን የሚል ደብዳቤ ይመጣላችኋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ባትፈርሙም እንኳ ኩባንያው በዚያ ክልል ካለው የማዕድን መብት ከ45 በመቶ በላይ ከያዘ፣ የቀራችሁትን በግድ እንዲቀላቅልለት ነዳጅና ጋዝ የሚቆጣጠረውን የክፍለ ግዛቱን ኮሚሽን መጠየቅ ይችላል። ፎርስድ ፑሊንግ ይሉታል። ደብዳቤው ቀን ተቆርጦለት ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ማስታወቂያ መስሎት ይጥለዋል። እኔም የመጀመሪያውን ጥዬዋለሁ። ከመፈረማችሁ በፊት በዚህ ጉዳይ ልምድ ላለው ጠበቃ አሳዩት። ዝም ማለትም ውሳኔ ነው። ዝም ባላችሁ ቁጥር ሌላ ሰው ይወስንላችኋል።

የቧንቧ ውሃችን ይበከላል? ልጆቼን ምን ላጠጣቸው?

እህቴ፣ በዚህ በኩል ትንሽ ላረጋጋሽ። የአውሮራ ከተማ ውሃ አብዛኛው ከተራራ በረዶ ቀልጦ የሚመጣና በግድብ የሚጠራቀም ነው። ከጓሮሽ ሥር አይቀዳም። ስጋቱ የሚበረታው የራሳቸው የውሃ ጉድጓድ ላላቸው፣ ከከተማ ወጣ ብለው ለሚኖሩት ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ኬሚካሉ ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሽቅብ ይመጣል ብሎ ነው። እኔ ያየሁት አደጋ ግን ላይ ላዩን ነው። ማጠራቀሚያ ያፈሳል። ቱቦ ይቀደዳል። በብረት ቱቦው ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ በደንብ ካልያዘ ጋዝ በዚያ በኩል ይሾልካል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2016 ባወጣው ትልቅ ጥናት፣ ሥራው በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን ሊጎዳ እንደሚችል ደምድሟል። የ2005ቱ የኢነርጂ ሕግ ደግሞ ፍራኪንግን፣ ናፍጣ ካልተጨመረበት በቀር፣ ከመጠጥ ውሃ ጥበቃ ሕጉ የከርሰ ምድር ቁጥጥር ነጻ አድርጎታል። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ልጄ አስም አለበት። ጉድጓዱ ከቤታችን ብዙ አይርቅም። አየሩ ይጎዳዋል?

እኔን የሚያስጨንቀኝም አየሩ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከጉድጓዱ፣ ከማጠራቀሚያውና ከሞተሮቹ የሚወጣው ጋዝ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሚቴን ነው። ሌላው ቤንዝን ይባላል። መኪና የምንሞላው ቤንዚን ማለቴ አይደለም፤ በእሱም ውስጥ የሚገኝ፣ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ኬሚካል ነው። ኮሎራዶ ራሱ በ2019 ያወጣው ጥናት ከጉድጓድ ከ300 እስከ 2,000 ጫማ ርቀት ላይ ያሉ ሰዎች፣ ነገሮች በከፉ ጊዜ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ነስርና የመሳሰለው ሊይዛቸው እንደሚችል አሳይቷል። ይህ በተለይ ጉድጓዱ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። ከዚህ ሌላ ኦዞን አለ፤ የሚወጡት ጋዞች ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር፣ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ነው። የዴንቨርና የሰሜኑ አካባቢ አየር በ2022 በፌዴራል መንግሥት በኦዞን ብክለት «ከባድ» ከሚባለው ደረጃ ገብቷል። መኪናውም ድርሻ አለው፣ ነዳጅና ጋዙም አለው። አስም ላለበት ልጅ ኦዞን መጥፎ ነው። በጋ ላይ የኦዞን ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ከሰዓት በኋላ ውጭ አይሩጥ። ነስር ወይም ራስ ምታት ከያዘው ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊው፣ ለሐኪሙም ንገሪው። የጻፍሽው ነገር በኋላ ያስፈልግሻል።

አሁን የራሴን ልናገር። ቦቴ ስነዳ ማጠራቀሚያው ላይ ወጥቼ ክዳኑን ከፍቼ እለካ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ፊት ላይ ይመታል። ጉልበት ይከዳል። አንድ ቀን የመደገፊያውን ብረት ይዤ ባልቆም ኖሮ እወድቅ ነበር። የቀጠረኝ ድርጅት ጓንትና ኮፍያ ሰጠኝ እንጂ ስለ ጋዙ አንድ ቃል አልነገረኝም። የድካም መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ከ2010 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በአሜሪካ እንዲህ ክዳን ከፍተው ሲለኩ ወይም ናሙና ሲወስዱ ዘጠኝ ሠራተኞች ሞተዋል። የፌዴራል የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች በ2016 ማስጠንቀቂያ ያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ወንድሞቼ፣ ቦቴ የምትነዱ ብዙ ናችሁ። ብቻችሁን ክዳን አትክፈቱ። ነፋሱን ከኋላ ወይም ከጎን አድርጉት። የጋዝ መለኪያ ይሰጠኝ በሉ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ቤት ልገዛ ነው። ዋጋው ከሌላው ረከስ ያለ ነው፣ አጠገቡ ግን አሮጌ ጉድጓድ አለ አሉኝ። ምን ትላለህ?

ፋየርስቶን የምትባለውን ከተማ ታሪክ ልንገርህ። ከዴንቨር በስተሰሜን ናት። በሚያዝያ 2017 አንድ ቤት ፈነዳ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ አንዲት ሴት ክፉኛ ተቃጠለች። ቤቱ ከአሮጌ ጉድጓድ 200 ጫማ እንኳ አይርቅም ነበር። ከጉድጓዱ የወጣች ቀጭን ቱቦ ተቆርጣ መሬት ውስጥ ቀርታለች። ሌላኛው ጫፏ ግን ከጉድጓዱ አልተለያየም። ጋዙ በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ወደ ቤቱ ገባ። ከመሬት በታች ያለ ጋዝ ደግሞ ሽታ ላይኖረው ይችላል። ቤታችን የሚመጣው ጋዝ የሚሸተው ሽታ ስለሚጨመርበት ነው።

ስለዚህ ክሎዚንግ (የቤቱ ግዢ የሚጠናቀቅበት ፊርማ) ላይ ከመድረስህ በፊት የክፍለ ግዛቱን የጉድጓድ ካርታ በኢንተርኔት ክፈት። አድራሻውን አስገባ። የሚሠራውም የተዘጋውም ይታያል። የቤት ሻጩ ወኪል ባይነግርህም አንተ ጠይቅ። እኔ ብሆን 200 ጫማ ላይ ያለ ቤት አልገዛም።

የመሬት መንቀጥቀጥ ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያንቀጠቅጠው ስንጠቃው ራሱ አይደለም። የወጣውን ቆሻሻ ውሃ በጥልቅ ጉድጓድ መልሶ መቅበር ነው። እዚሁ ዴንቨር ጫፍ ላይ በ1960ዎቹ የጦር ሠራዊቱ የኬሚካል ቆሻሻ መሬት ውስጥ ሲቀብር ከተማዋ ተንቀጥቅጣለች። በ2014 ደግሞ ዌልድ ካውንቲ ውስጥ ግሪሊ ከተማ አጠገብ በሬክተር 3.2 የሆነ ደርሷል። ኦክላሆማ በ2016 እስከ 5.8 ደርሷል።

ስብሰባ፣ ሰልፍ፣ ፊርማ... ያ ሁሉ ምን አመጣ? ገንዘብ ያለው ያሸንፋል።

ይህን የጠየቁኝ አባት በዕድሜ የገፉ ናቸው። እውነትዎን ነው፣ ብዙ ጊዜ ተሸንፈናል። ግን ታሪኩን ከመጀመሪያው ይስሙኝ።

ሎንግሞንት የሚባለው ከተማ ሕዝብ በ2012 ድምፅ ሰጥቶ ፍራኪንግን ከለከለ። በ2013 ፎርት ኮሊንስና ሌሎችም ተከተሉ። ኢንዱስትሪው ከሰሰ። በ2016 የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተማ የክፍለ ግዛትን ሕግ መሻር አይችልም ብሎ ክልከላውን ጣለው። ሰዉ ግን ቤቱ አልገባም። በ2018 ጉድጓድ ከቤት 2,500 ጫማ ይራቅ የሚል ሐሳብ፣ ፕሮፖዚሽን 112፣ ለመላው ክፍለ ግዛት ድምፅ ቀረበ። ኢንዱስትሪው ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰበት። 55 በመቶ ያህሉ እምቢ አለ። ያን ማታ ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ከዚያስ? ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በ2019፣ ሴኔት ቢል 181 የሚባለው ሕግ ጸደቀ። ድሮ የኮሚሽኑ ሥራ ቁፋሮውን ማበረታታትም ነበር። አሁን ከሁሉ በፊት የሕዝብ ጤናና ደኅንነት ይጠበቅ ተባለ። ከተሞችና ካውንቲዎችም ቦታውን የመወሰን ሥልጣን አገኙ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ርቀቱ ከ500 ጫማ ወደ 2,000 ጫማ ከፍ አለ። ማምለጫ በሮች አሉት፣ አልክድም። ነገር ግን በድምፅ የተሸነፈው ሐሳብ ብዙው በኮሚሽኑ ደንብ በኩል ተመልሶ መጣ። ይህን ያመጡት ኮሚሽነሮቹ ብቻ አይደሉም። ልጆቻቸውን ታቅፈው ሌሊት ድረስ ወረፋ የጠበቁ እናቶች ናቸው።

ሌላ ቦታም እንዲሁ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ዴንተን በ2014 ከለከለ፣ በዓመቱ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሻረባት። ኒውዮርክ ግን ትናንሽ ቀበሌዎች አንድ በአንድ ከልክለው፣ በመጨረሻ ክፍለ ግዛቱ ራሱ አቆመው።

ባለቤቴ ነዳጅ ላይ ነው የሚሠራው። ቤታችን የቆመው በዚያ ደሞዝ ነው። እናንተ እንጀራችንን ልትቀሙን ነው?

አይደለም እህቴ። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያው ገንዘብ ነው። ዌልድ ካውንቲ ከነዳጁ ግብር የተነሣ የራሱን የሽያጭ ግብር አይሰበስብም። ለትምህርት ቤትም ለመንገድም ይገባል። ይህን የሚክድ ሰው ዌልድን አያውቅም። እኔ የምጠይቀው ርቀት ነው። በናፍጣ ፈንታ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ነው። በየመንገዱ ከሚተራመስ ቦቴ ይልቅ ቱቦ ነው። ይህ ሲደረግ ባለቤትሽም ጤነኛ ሆኖ ይገባል። ከእኔ በላይ የሚፈልጉ፣ ጭራሽ ይቁም የሚሉ አሉ። አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን እዚያ አልደረስኩም።

የላውሪ ራንች ነገር ምን ደረሰ?

ላውሪ ራንች ከአውሮራ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ድሮ የአየር ኃይል የቦምብ መለማመጃ ነበር። አሁን አብዛኛው የክፍለ ግዛቱ መሬት ነው፣ ገቢውም ለትምህርት ቤቶች ይውላል። አካባቢው ላይ ከ150 በላይ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ጠቅላላ ዕቅድ በነሐሴ 2024 በኮሚሽኑ ጸድቋል። አውሮራ ግድብ ቅርብ ነው። ላውሪ ላንድፊል የሚባለው፣ በመርዛማ ቆሻሻው በፌዴራል ሱፐርፈንድ ዝርዝር (እንዲጸዱ በተለዩ የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር) ውስጥ ያለው ቦታም ሩቅ አይደለም። ነዋሪዎቹ ተደራጅተው የሚሟገቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቅዱ ጸደቀ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ የቁፋሮ ቦታ ለብቻው ፈቃድ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱም የአስተያየት ጊዜ አለ።

የእኛ አገር የኦጋዴን ጋዝስ ፍራኪንግ ነው?

ካሉብና ሂላላ ላይ ያለው ጋዝ በተለመደው ቁፋሮ የሚወጣ ዓይነት ነው። በ1970ዎቹ ቴኔኮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ያገኘው ነው። ስንጠቃው ባይኖርም ቆሻሻው ውሃ፣ የሚቃጠለው ጋዝ፣ የአርብቶ አደሩ ግጦሽና የውሃ ጉድጓድ እዚያም አለ። እዚያ የሚኖሩት ሰዎችም ምን እንደሚቀበርና የት እንደሚፈስ የመጠየቅ መብት ሊኖራቸው ይገባል።

እንግሊዝኛ አልችልም። ስብሰባ ብመጣ ምን እላለሁ?

እናቴ፣ ይምጡ። አስተርጓሚ አስቀድሞ ይጠየቃል፣ እኔም አለሁ። የሚሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ስለ ዓለም ሙቀት መናገር አይጠበቅብዎትም። የት እንደሚኖሩ፣ ከታሰበው ቦታ ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ቤትዎ ውስጥ ማን እንደታመመ፣ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ ይናገሩ። በጽሑፍም ይቻላል፣ በአማርኛ ጽፈው ቢሰጡኝ ተርጉሜ አስገባልዎታለሁ።

ባለፈው ዓመት እንደ እርስዎ ያሉ አንዲት እናት ከእኔ ጋር መጥተው ነበር። በአማርኛ ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ። «የልጅ ልጄ ማታ ማታ ስትስል እኔ ነኝ የምነሳው» ብለው ጀመሩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዱ የኮሚሽን አባል አድራሻቸውን እንዲደግሙለት ጠየቀና ከፊቱ ባለው ካርታ ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ በፊት እዚያ ካርታ ላይ ቤታቸው አልነበረም።

ፖስታ ከደረሰዎት ሳይከፍቱት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ።