ፊደሉን ታዜመዋለች እንጂ አታነበውም

ጥያቄ፦ እኔ አንደኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ ነበር። ልጄ አፀደ ሕፃናት ቆይታ አሁን ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። እንግሊዝኛ ታነባለች፤ አማርኛ ላይ ግን ትደናቀፋለች። ከሀ እስከ ፐ ሳትሳሳት ትወርደዋለች፣ ከመሃል አንዱን ነጥዬ ስጠይቃት ዝም። እኛ በአለንጋ ነው የተማርነው፤ እንደዚያ ይሻል ይሆን? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለንጋው ይቅር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ለንባብም ቢሆን የጠቀመው ነገር የለም። የጠቀመው ሌላ ነው። የኔታ ዘንድ ሀሁ ሲያልቅ አቡጊዳ ይከተላል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ይህ ገበታ የለመዱትን ተራ ስለሚያፈርስ፣ ተማሪው ቅርጹን ከማየት በቀር ማምለጫ አልነበረውም። በዚያ ላይ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካ ነበር የሚጠራው። ዛሬ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ገበታ ሥዕሉና ቀለሙ ያምራል፤ አቡጊዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ልጅዎ የያዘችው ዜማውን ነው።

መጀመሪያ የትኛው እንደጠፋባት ይለዩ። ከብስኩት ካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ መስኮት ይቁረጡና ገበታው ላይ ያንሸራትቱት፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ጎረቤቱን ፊደል ካላየች ዜማው አይረዳትም። ሦስት እስኪቆጥሩ ድረስ ያልጠራችውን በእርሳስ ያክብቡ። የሚያስተምሩት የተከበበውን ብቻ ነው።

33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይከብድም። ካዕብ (ሁለተኛው) አብዛኛውን ጊዜ ወገቡ ላይ በቀኝ በኩል ቅጥያ አለው (ሉ፣ ሙ፣ ቡ)፤ ሣልስ (ሦስተኛው) ያንኑ ቅጥያ እግሩ ላይ ያደርጋል (ሊ፣ ሚ፣ ቢ)፤ ኃምስ (አምስተኛው) እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ይይዛል (ሌ፣ ሜ፣ ቤ)። እነዚህን በዚህ ደንብ መሠረት ያስተምሯት፤ እንደ ሩ፣ ሪ፣ ፉ እና ፊ ያሉትን አፈንጋጮች ለብቻ ያስጠኑ። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ እና ጀ የሰ፣ የተ፣ የነ፣ የከ፣ የዘ እና የደ አናት ላይ ምልክት ተጨምሮ የተሠሩ ስለሆኑ ጥንድ ጥንዱን አብረው ያሳዩ። ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀን ግን ለጊዜው ከገበታው ያውጧቸው፤ ድምፃቸው አዲስ ስላልሆነ በኋላ ከነቃላቸው ይምጡ፦ ሐሙስ፣ ንጉሥ፣ ኃይል፣ ዓይን፣ ፀሐይ። በዚህ ብቻ 35 ፊደል ይቀንሳል።

ዋናው ችግር ሳድስ (ስድስተኛው) ላይ ነው። ል፣ ም፣ ር፣ ት፣ ን፣ ግ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ስለሚቀየሩ አንድ ደንብ አይገዛቸውም፤ ደግሞም ጽሑፋችን በሳድስ የተሞላ ነው። ትምህርት፣ ልብስ፣ ምግብ፣ ድንች፣ እግር፣ ክንድ፦ ሁሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳድስ ናቸው። በዜማ ያጠና ልጅ ሳድስን የሚያገኘው ከአምስት ፊደል በኋላ ስለሆነ፣ «ት»ን ለማግኘት «ተ ቱ ቲ…» እያለ በልቡ ይቆጥራል፤ የምትደናቀፈውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳድስን ከሁሉ አስቀድመው፣ እንደነዚህ ባሉ ቃላት ያስጀምሯት።

ሁለተኛው መሰናክል ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠርታ ቃሉን አለማግኘቷ ነው። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ ፊደሉ ራሱ አይናገርም። መጥበቅና መላላቱም አይጻፍም፦ «ገና» በዓሉም ነው፣ ያልደረሰውም ነው። ቶሎ አያርሟት። ዓረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ አንብባ ትጨርስ፣ ከዚያ «አሁን እንደምታወሪው በይው» ይበሏት። ቃሉን በጆሮዋ ስለምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ታቃናዋለች።

በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ቅዳሜ ላይ ተጠራቅሞ ሁለት ሰዓት ከሚሆን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። አምስት አዲስ ፊደል፣ የትናንቱ አምስት፣ ከዚያ ከእነሱ የተሠሩ ስድስት ሰባት ቃላት። ጮክ ብላ፣ በጣቷ እየነካች ታንብብ። በዚህ ላይ የኔታ ትክክል ነበሩ።

ጥያቄ፦ በእኛ ጊዜ ጭንቁ 8ኛና 10ኛ ክፍል ነበር። አሁን 6ኛ ክፍል ላይ ፈተና አለ ይላሉ። ልጄ 5ኛ ነው፤ ከአሁኑ አስጠኚ ልቅጠርለት? (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እርስዎ የተማሩት በ1986ቱ ፖሊሲ ነው፤ በ2015 የወጣው ፖሊሲ 6-2-4 (ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) በመሆኑ 6ኛ፣ 8ኛ እና 12ኛ ላይ ፈተና አለ። አያቱን ይጠይቁ፤ ከ1986 በፊትም 6-2-4 ነበር፣ 6ኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ ይፈተኑ ነበር።

ለአስጠኚ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ፦ የሚማርበትን መጽሐፍ አንድ ገጽ አንብቦ በራሱ ቃል መንገር ይችላል? ካልቻለ ችግሩ ሳይንሱ ሳይሆን ንባቡ ነው፤ ከላይ ያለው መልስ ለእርሱም ይሠራል። ከቻለ ደግሞ የሚቀረው ልምምድ ነው። መልሱ በተለየ ወረቀት የሚጠቆር ከሆነ ብዙ ልጆች የሚወድቁበት ወጥመድ አለ፦ አንድ ጥያቄ ዘለው የመልሱን መስመር ሳይዘሉ ይቀራሉ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በአንድ ተራ ይዛነፋል። ቤት ውስጥ ሰዓት ተይዞለት ይለማመድ፤ በየአሥር ጥያቄው የጥያቄውንና የመልሱን ቁጥር ያስተያይ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ9 ዓመት ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም፤ ፊደል ግን የለውም። በስልክ መጻፍ ቢለምድ ይቀለው ይሆን? (እናት)

መልስ፦ ለጊዜው ይቆይ። በላቲን ፊደል «ሰላም» ሲጽፉ ወደ ፊደላችን የሚለውጠው የስልክ ቁልፍ፣ ቅርጹን ልጁ ሳይሆን ማሽኑ እንዲያስታውስ ያደርጋል። በእጁ ይጻፍ፤ ባለ አራት ማዕዘን የሒሳብ ደብተር ላይ፣ ለአንድ ፊደል አንድ ሳጥን። በሌላ ቋንቋ ማንበብ ስለሚያውቅ ከሀ ተራ መጀመር አያስፈልገውም፤ ከራሱ ስም፣ ከእናቱ፣ ከአያቱ ስም ይጀምር። አምስት ስም ከአሥር በላይ የተለያዩ ፊደላት ሊሰጠው ይችላል። የገበታው ተራ በኋላ ይመጣል።